ገብረክርስቶስ ደስታ ምን ፈልጎ ነበር?

አማርኛ አንድን ነገር ለመፈለግ ብዙ ቃል ሰጥቶናል፡፡ ምኞት አለ፤ መሻት አለ፤ ናፍቆት አለ፤ ፍላጎት አለ፤ አምሮትም አለ፡፡ አምሮት ከዓይንና ከአፍንጫ ይጀምራል፡፡ ጎረቤት ሲበላ ያየ፣ ቡና ሲቆላ ያሸተተ ሰው ባይርበውም ያምረዋል፡፡ ያማረውን ሲያገኝ አምሮቱን ይወጣል፤ ነገ ደግሞ ሌላ ያምረዋል፡፡ ፍላጎት ግን መፈለግ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፡፡ የጠፋበትን ወይም ገና ያላገኘውን ነገር ፍለጋ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ፈላጊ ይባላል፡፡ አምሮትን ሌላ ሰው ሊቀሰቅስብን ይችላል፡፡ ፍለጋ ግን ራስን ይጠይቃል፡፡

ይህን ልዩነት እንዳስብ ያደረገኝ ሰፈሬ ነው፡፡ የምኖረው የካ ሚካኤል ነው፡፡ ሰፈሩን ከሃያ ዓመት በፊት የሚያውቅ ሰው ዛሬ ቢመጣ ቤተ ክርስቲያኑንና ከበላዩ ያለውን የእንጦጦ ተራራ አይቶ ካልሆነ በቀር የት እንደቆመ ሊጠፋው ይችላል፡፡ ፎቁ ሲበዛ የሶፋው፣ የመጋረጃውና የጂፕሰሙ ገበያም አብሮ ደርቷል፡፡ በፍሬም ተወጥሮ የሚሸጥ ሥዕልም ከዕቃው ጋር ይቀርባል፡፡ አብዛኛው በማሽን የታተመ ነው፤ ወርቃማ ክብ፣ ግራጫ መስመር፣ የተረጨ የሚመስል ሰማያዊ፡፡ ገዢው የሚጠይቀው ወርዱንና ቀለሙን ነው፡፡

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አዲስ አፓርታማ ሲገባ ከሶፋው ጋር የሚሄድ፣ ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ፣ ቡናማ የበዛበት አብስትራክት እንዳፈላልግለት ጠየቀኝ፡፡ በገንዘቡ ቤቱን ማሳመር መብቱ ነው፡፡ እኔን ያስገረመኝ አብስትራክት የሚለው ቃል እንደ ምንጣፍና መጋረጃ በቀላሉ ከአፉ መውጣቱ ነው፡፡ በዚህች ከተማ ለዚያ ቃል ብዙ የተወቀሰ፣ ብዙም የደከመ ሰው ነበር፡፡ ሠዓሊና ገጣሚ ገብረክርስቶስ ደስታ፡፡

ገብረክርስቶስ በ1924 ዓ.ም ሐረር ተወለደ፡፡ አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ፤ ብራና ላይ ይጽፋሉ፣ ይሥላሉ፡፡ ልጁ ሥዕልን በመጀመሪያ ያየው በሙዚየም ወይም በመጽሔት ሳይሆን እቤቱ፣ በአባቱ እጅ ነው፡፡ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የራሱ ሥርዓት አለው፡፡ ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፤ ክፉ ሰው ደግሞ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዓይን፡፡ ጥላና ርቀት ቦታ የላቸውም፡፡ ቀዩ እንደ ቀይ፣ ቢጫው እንደ ቢጫ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል፡፡ እንግዲህ ይህ ልጅ ቀለም የአንድን ነገር መልክ ከመገልበጥ ሌላ ሥራ እንዳለው ከማንም ፈረንጅ በፊት ከአባቱ አይቶታል ማለት ነው፡፡

ትምህርቱን በሐረር ራስ መኮንን ትምህርት ቤት ጀመረ፡፡ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በጄኔራል ዊንጌት ተማረ፡፡ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትምህርት ቤት የነበረው ኮተቤ ነው፡፡ ዛሬ ከየካ ሚካኤል በመገናኛ በኩል በታክሲ ብዙ ሳንቆይ እንደርሳለን፤ ያኔ ግን ከከተማው ወጣ ያለ፣ ተማሪ እያደረ የሚማርበት ግቢ ነበር፡፡ ከዚያ ትውልድ መካከል ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ ወጣት መንገዱ የተደለደለ ነው፡፡ አገሪቱ ከጣሊያን ወረራ ተላቅቃ የተማረ ሰው የምትፈልግበት ጊዜ ስለነበር ሹመትም ደመወዝም ይጠብቀዋል፡፡ ገብረክርስቶስም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ ሳይንስ ማጥናት ጀመረ፡፡ አልጨረሰውም፤ ትምህርቱን ትቶ ወደ ሥዕሉ ዞረ፡፡

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፡፡ በእኛ አገር ልጁ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ ሥዕል ሊሥል ነው ሲባል ወላጅ ምን እንደሚሰማው ለአንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፡፡ በዚያን ጊዜ ደግሞ በሥዕል ቤት አስተዳድራለሁ ማለት ከዛሬውም የበለጠ የሚያስደነግጥ ነው፡፡ ዘመናዊ የሥዕል ትምህርት ቤት እንኳ በአገሩ ገና አልነበረም፡፡ ወጣቱ ሁሉም የሚመኘውን ትቶ የሚሻው ነገር ወዳለበት መሄዱን ከዚህ እንረዳለን፡፡

እ.ኤ.አ. በ1957 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ምዕራብ ጀርመን፣ ወደ ኮሎኝ ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሄደ፡፡ ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ የፈራረሰች፣ ትልቁ ካቴድራሏ ግን ቆሞ የተረፈላት ከተማ ናት፡፡ ገብረክርስቶስ ሲደርስ ጀርመኖቹ ከፍርስራሹ እየወጡ ነበር፡፡ የኢኮኖሚ ተአምር የሚባለው ዘመን ነው፡፡ የቮልስዋገን ፋብሪካ አንድ ሚሊዮንኛውን ቢትል መኪና ያወጣው በ1955 ሲሆን፣ የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ ሉድቪግ ኤርሃርድ መልካም ኑሮ ለሁሉም እንዲዳረስ የሚሰብከውን መጽሐፉን ያሳተመው ልክ ገብረክርስቶስ በገባበት በ1957 ነው፡፡ ማቀዝቀዣ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ቴሌቪዥን በየቤቱ ይገባ ነበር፡፡ ከሐረር የመጣው ወጣት የሸማች ኅብረተሰብ የሚባለው ነገር ሲወለድ በቦታው ነበረ ማለት ይቻላል፡፡

በዚያው ጊዜ የጀርመን ሠዓሊዎች ሌላ ሒሳብ ያወራርዱ ነበር፡፡ የናዚ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ሙኒክ ላይ ዘመናዊ ሥዕሎችን ሰብስቦ የተበላሸ ጥበብ ብሎ ለመሳለቂያ አሳይቷል፡፡ መንግሥት የሚወደው ጡንቻማ አርበኛና የደስ ደስ ያላት ገበሬ ነበር፡፡ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሠዓሊዎች ወደ ረቂቅ ሥዕል የዞሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፡፡ ሥዕሉ መሪ ስለማይመስል፣ መፈክርም ስለማይወጣው ለአዛዥ አይመችም፡፡ ገብረክርስቶስ የተማረው በዚህ አየር ውስጥ ነው፡፡ ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ጨረሰ፤ በኮሎኝም ሥራዎቹን ለብቻው ለማሳየት በቃ፡፡

እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ አገሩ ተመለሰ፡፡ ያቺው ዓመት አሜሪካዊው አንዲ ዋርሆል በሎስ አንጀለስ 32 የሾርባ ጣሳ ሥዕሎችን ደርድሮ ያሳየባት ዓመት ናት፡፡ የዋርሆል ጣሳዎች በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ያለውን አምሮት ወደ ሥዕል አዳራሽ አስገቡት፡፡ እየሳቀበት ይሁን እያደነቀው እስከ ዛሬ ያከራክራል፡፡ አዲስ አበባ ግን ሱፐርማርኬት የምትሞላ ከተማ አልነበረችም፡፡ የእሷ አምሮት ሌላ ነበር፤ ዘመናዊ መምሰል፡፡ በ1958 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተከሏል፤ በ1961 የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቋል፤ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሥርቷል፡፡ ዲፕሎማቱና ቱሪስቱ ሲበዛ የሥዕል ገዢም በዛ፡፡ ገዢው ግን የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፡፡ ንግሥት ሳባና ንጉሥ ሰለሞን በትንንሽ ሣጥን ተከፋፍለው፣ ወይም የዓድዋ ጦርነት፣ ወይም ጥምቀት፡፡ የኢትዮጵያ ትዝታ ሆኖ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነገር፡፡ ያንን የሚሥሉ ባለሙያዎች በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ የተከበሩ ሰዎች ናቸው፡፡ ይሁንና የሥዕሉን ርዕስ የሚወስነው ገበያው እንደነበር መካድ አይቻልም፡፡

ገብረክርስቶስ በ1950 ዓ.ም በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በተከፈተው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፡፡ ሥራዎቹንም ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየ፡፡ ሰው ግራ ተጋባ፡፡ ምንድን ነው ይህ? ሰው ነው? ተራራ ነው? ከግራ መጋባቱ ቀጥሎ የመጣው ወቀሳ ነው፤ ሥዕሉ የእኛ አይደለም፣ ከፈረንጅ የተገለበጠ ነው ተባለ፡፡

ወቀሳው ቀላል ስላልሆነ በቁም ነገር ልወስደው እፈልጋለሁ፡፡ አንድ ሰው ውጭ አገር ተምሮ የውጭ አገር ዘዴ ይዞ ሲመጣ፣ ፍላጎቱ የራሱ ነው ወይስ እዚያ ያየውን አማረው? እኔ ለዚህ መልስ የማገኘው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከመስኮቴ ነው፡፡ ከየካ ሚካኤል ቀና ስል የእንጦጦና የየካ ተራሮች በባሕር ዛፍ ተሸፍነዋል፡፡ ዛፉ የአውስትራሊያ ነው፡፡ በአጼ ምኒልክ ዘመን በባሕር ተሻግሮ መጣ፤ ስሙም ይህንኑ ይመሰክራል፡፡ ዛሬ ግን ያለ ባሕር ዛፍ ጭስና ሽታ አዲስ አበባን ማሰብ የሚችል ማን አለ? ከዚያው ተራራ ላይ ደግሞ ዋሻ ሚካኤል አለ፡፡ ከአለት የተፈለፈለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፡፡ ጠራቢው ድንጋይ በድንጋይ ላይ አልጨመረም፤ ከአለቱ ትርፉን እያነሣ የሚያስፈልገውን አስቀረ፡፡ ረቂቅ ሥዕልም ከሚታየው ዓለም ትርፉን እያነሣ መስመርንና ቀለምን ማስቀረት ነው፡፡ ዘዴው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አይነግረንም፡፡ በዚህ አፈር ላይ ምን አበቀለ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፡፡

ያበቀለውን ለማየት እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራውን ጎልጎታ የተባለ ሥዕል መመልከት ይበቃል፡፡ የስቅለት ሥዕል ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ከመስቀሉ ግርጌ በግራና በቀኝ የቆሙት እመቤታችንና ዮሐንስ ናቸው፡፡ አባቱም የሚያውቁት ሥርዓት ይኸው ነው፡፡ ገብረክርስቶስ ግን ሕማሙን በቀለም፣ ከሁሉም በላይ በቀዩ እንዲናገር አደረገው፡፡ ኮሎኝ ያልተማረ ሰው ይህን ሥዕል ላይሠራው ይችላል፡፡ የብራና ሠዓሊ ልጅ ያልሆነም እንዲሁ፡፡ ሁለቱ የተገናኙት በአንድ ሰው ውስጥ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በሥነ ጥበብ ዘርፍ ሸለመው፡፡ ለሽልማቱ ያበቃው ያ የተወቀሰበት ነገር፣ ረቂቅ ሥዕልን በኢትዮጵያ ማስተዋወቁ ነበር፡፡ ከዚያ በኋላ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምር፣ ወጣቶቹ ተማሪዎች ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ መምህራን አገኙ፡፡ የዛሬው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ታሪክ ሲነሣ የሁለቱ ስም አብሮ የሚጠራው ለዚህ ነው፡፡

ገብረክርስቶስ መናኝ አልነበረም፡፡ የመንግሥትን ሽልማት ተቀብሏል፤ ሥራዎቹን ሸጧል፤ ከገዢዎቹ ውስጥም የውጭ ሰዎች ይገኙ ነበር፡፡ ስለዚህ ገንዘብ ነክቶ አያውቅም የሚል ገድል ልጽፍለት አልፈልግም፡፡ እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፡፡ ገበያ ከሠዓሊ የሚፈልገው አንድ ዓይነት መልክ ነው፡፡ ገዢው ከሩቅ አይቶ የእገሌ ነው እንዲል፣ እንግዳም ሲመጣ እንዲያውቅለት፡፡ ገብረክርስቶስ ይህን አልሰጠም፡፡ በረቂቅ ሥዕል ስሙ በገነነበት ወቅት እንኳ ድሆችን፣ ተራ ሰዎችን፣ የሰው ፊትን መሣሉን አልተወም፡፡ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለስ ነበር፡፡ በንግድ ዓይን ካየነው ኪሳራ ነው፡፡ ፈላጊ ግን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ያገኘ በመሰለው ቦታ ላይ ድንኳን አይተክልም፡፡

በግጥሙም እንዲሁ ነበር፡፡ የተለመደውን የግጥም ልክ እየጣሰ፣ ቃላትን እየደጋገመና እየበተነ ጻፈ፡፡ የጠፈር ባይተዋር የተሰኘው ግጥሙ ርዕሱ ብቻ ስለ ሰውየው ብዙ ይናገራል፡፡ ብዙዎቻችን የምናውቀው ሀገሬ የተባለው ግጥም ደግሞ የናፍቆት ግጥም ነው፡፡ ናፍቆት የአምሮት ተቃራኒ ይመስለኛል፡፡ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም፤ ማስታወቂያም አይሠራለትም፡፡ ግጥሞቹ በሕይወት ሳለ በመጽሐፍ ተሰብስበው አልወጡም፡፡ መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርዕስ የታተሙት በ1998 ዓ.ም፣ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ነው፡፡

በ1967 ዓ.ም መግቢያ ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው ደርግ ሥልጣን ሲይዝ የሥዕል ገዢ ተለወጠ፡፡ ዲፕሎማቱና ቱሪስቱ ቀነሱ፤ በምትካቸው መንግሥት መጣ፡፡ መንግሥት ደግሞ የሚፈልገውን ከቱሪስት የበለጠ ያውቃል፡፡ የተጨበጠ ክንድ፣ መዶሻና ማጭድ፣ ፊቱ ወደ ብርሃን የዞረ ላብ አደር፡፡ አገራችን የሶቭየት ኅብረትን የሥዕል ትምህርት መከተል ጀመረች፡፡ ለረቂቅ ሥዕል ጊዜው ጠበበ፡፡ ናዚዎችን ከረቂቅ ሥዕል ጋር ያጣላቸው ነገር እዚህም በሌላ ልብስ ብቅ አለ፤ ፍላጎትህን እኔ ልንገርህ የሚል ባለሥልጣን፡፡ ገበያ ሲያዝህ ትርፍህ ይቀንስ እንጂ እምቢ ልትል ትችላለህ፡፡ መንግሥት ሲያዝህ ግን እምቢታው ሌላ ዋጋ አለው፡፡

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገብረክርስቶስ አገሩን ለቆ በኬንያ በኩል ወጣ፡፡ ወደ ምዕራብ ጀርመን ተመለሰ፤ ይሁንና በተማረባትና በተመሰገነባት አገር መቆየት አልሆነለትም፡፡ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፡፡ የደረሰው ኒውዮርክ ወይም ዋሽንግተን ሳይሆን ኦክላሆማ ግዛት ውስጥ ሎውተን የምትባል ከተማ ነው፡፡ ፎርት ሲል ከተባለው ትልቅ የጦር ሠፈር ጎን ያለች፣ ከሥዕል ዓለም የራቀች ከተማ ናት፡፡ እዚያው እ.ኤ.አ. መጋቢት 1981፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው አረፈ፡፡ የሸማች ኅብረተሰብ ሲወለድ ኮሎኝ ላይ ያየ ሰው፣ ያ ኅብረተሰብ በጎለመሰበት አገር ማንም ሳያውቀው ሞተ፡፡

ከሥራዎቹ ውስጥ 30 ያህሉ ጀርመን ቀርተው ነበር፡፡ በጀርመን ወዳጆችና ተቋማት፣ በጎተ ኢንስቲትዩትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ወደ አገር ተመለሱ፡፡ በ2000 ዓ.ም ስድስት ኪሎ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተላቸው፡፡

ዛሬ ገብረክርስቶስ ራሱ ወደ አምሮት ገበያ እየገባ ነው፡፡ ሀገሬ በየበዓሉ በሬዲዮ ይነበባል፤ በየስልኩ ከአበባና ከሰንደቅ ዓላማ ጋር ይዘዋወራል፡፡ የሥዕሎቹ ፎቶ ኮፒም አንድ ቀን ከሶፋ በላይ መሰቀሉ አይቀርም፡፡ ይህን አልቃወምም፤ ካልታየ መታየቱ ይሻላል፡፡ ነገር ግን ከእሱ ልንማር የምንችለውን ነገር ጌጥ ብቻ አድርገን እንዳናስቀረው እሰጋለሁ፡፡ ከዚያው ትምህርት ቤት በ1990 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ኤልያስ ስሜ የተጣለ የኮምፒዩተር ሽቦ፣ የኪቦርድ ቁልፍና አዝራር ከመርካቶ ሰብስቦ እየሰፋና እየገጣጠመ ዓለም የሚያየው ሥራ ሠርቷል፡፡ ትናንት ያማረንና ዛሬ የጣልነው ዕቃ በእጁ ሌላ ሕይወት ያገኛል፡፡ መልኩ ከገብረክርስቶስ ሥራ ጋር አይመሳሰልም፤ ጥያቄው ግን ይቀራረባል፡፡ የምንፈልገውን ነገር በእውነት ፈልገነዋል ወይ?

ጥያቄው ለሠዓሊ ብቻ አይደለም፡፡ እንደ እኔ ደመወዝተኛ የሆነ፣ ከወር ወር ገንዘቡን ቆጥሮ ቤት የሚያስጌጥ፣ ልጁን የሚያስተምር፣ መኪና የሚመኝ ሁሉ ይመለከተዋል፡፡ ልጃችን አንድ ቀን መጥቶ ሳይንሱን ልተወው ነው ቢለን ምን እንደምንመልስለት አስቀድመን ብናስብ አይከፋም፡፡ የስድስት ኪሎዎቹን ሥዕሎች ቱሪስት አላዘዛቸውም፤ ካድሬም አላዘዛቸውም፡፡ አንድ የብራና ሠዓሊ ልጅ ለራሱ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ሠራቸው፡፡ ቤት ያገኙት እሱ ከሞተ ከ27 ዓመት በኋላ ነው፡፡ ከየካ ሚካኤል በእንግሊዝ ኤምባሲና በቀበና በኩል ለሄደ ሰው ሩቅ አይደሉም፡፡ ሄዶ ለማየት ግን መጀመሪያ መፈለግ ያስፈልጋል፡፡